የሐውልቱ ማገር

ሐኪም ነኝ ያለ ሰው ማብራሪያ አይጠየቅም። የሕንፃ መሐንዲስም እንደዚሁ ነው። «የቁሳቁስ መሐንዲስ ነኝ» ሲሉ ግን ጠያቂው ለአፍታ ዝም ይልና «ንብረት ክፍል ነው?» ይላል። ይህ ጥያቄ ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ስለገጠመኝ ከብዙ ጊዜ ወዲህ አንድ አጭር መልስ ይዣለሁ፤ «ነገሮች ለምን እንደሚሰበሩ አጠናለሁ» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ደግሞ ወዲያው ቤቱ ውስጥ የተሰበረ ነገር ትዝ ይለዋል።

ሙያው እውነትም አብዛኛውን ጊዜ የስብራት ንባብ ነው። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ዘንግ ለሁለት ይከፈላል እንበል። አለቃው ማሽኑን ያንቀሳቅስ የነበረውን ሠራተኛ ይይዛል፤ ሠራተኛው «እኔ እንደወትሮው ነው የሠራሁት» ይላል። ማንን ታምናላችሁ? የተሰበረውን ገጽ በማጉያ መነጽር ስታዩት ግማሹ የደበዘዘ፣ የተፋጨ፣ ዝገት የነካው ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ቀሪው ግማሽ ደግሞ ትኩስና የሚያብለጨልጭ ነው። ስንጥቁ የተጀመረው ከወራት በፊት ነው ማለት ነው። የዚያን ቀን የሆነው የመጨረሻው ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ንባብ ደመወዛቸው ከመቆረጥ የተረፉ ሠራተኞች አውቃለሁ፤ ይህን ሥራ እንድወደው ካደረጉኝ ነገሮች አንዱም እሱ ነው።

አክሱም ስሄድም ዓይኔ ከዚህ ልማዱ አልተላቀቀም። ሌላው ጎብኚ ወደ ላይ አንጋጦ ሲያይ እኔ ጎንበስ ብዬ የወደቀውን አያለሁ። ስለ ሐውልቶቹ ታላቅነት፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሮማው ሐውልት መመለስ ብዙ ተጽፏል፤ በዚህ መጽሔት ዓይነት ገጾችም ላይ ብዙ ቀለም ፈስሷል። ድንጋዩ ራሱ ግን፣ ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር ያያያዘውም ነገር፣ እንደ ቁም ነገር ሲወራለት ብዙም አልሰማሁም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። መንገደኛው ሁሉ «የግራናይት ሐውልት» ይላል። የአክሱም ሐውልቶች ግራናይት አይደሉም፤ ኔፈሊን ሳይናይት የሚባል የእሳተ ገሞራ ዘመድ ድንጋይ ናቸው። መልኩ ግራናይት ይመስላል፤ ጥንካሬውም ቅርብ ነው። ልዩነቱ በግራናይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኳርትዝ በዚህ ውስጥ የለም። ኳርትዝ ደግሞ መሮን በቶሎ የሚያደንዝ ማዕድን ነው። የጥንቱ ጠራቢ የማዕድን ስም አይጠራ ይሆናል እንጂ በእጁ ይህን ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከከተማው በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ጎበድራ ተራራ ሄዶ ይህን ድንጋይ የመረጠው ቀረብ ያለ ድንጋይ አጥቶ አይደለም።

ጎበድራ ላይ ጠራቢዎቹ የተዉት ሥራ እስከ ዛሬ ይታያል። ከአለቱ ተላቅቀው ያልወጡ ረጃጅም ድንጋዮች አሉ፤ በጀርባቸውም ላይ በቀጥታ መሥመር የተደረደሩ ጎድጓዶች ተቆፍረዋል። በየጎድጓዱ ሽብልቅ ይገባና ተራ በተራ፣ በእኩል፣ ትንሽ በትንሽ ይመታል። የእንጨት ሽብልቅ ነበር፣ ውኃ እየጠጣ ሲያብጥ ድንጋዩን ሰነጠቀው የሚሉ አሉ፤ የብረት ነው የሚሉም አሉ። ለእኔ ከሽብልቁ ይልቅ የሚደንቀኝ የመሥመሩ ሐሳብ ነው። አቡጀዲ የሚሸጥ ነጋዴ አይታችሁ እንደሆነ ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር በመቀስ አይቆርጥም። ጫፉን በመቀስ ነካ ያደርግና የቀረውን በሁለት እጁ ይተረትረዋል። ጨርቁ ሙሉ ሳለ በጉልበት የማይቀደድ ሲሆን ትንሽ ጥርስ ከወጣለት በኋላ ግን ሕፃንም ይቀደዋል። ኃይሉ በሙሉ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ስለሚሰበሰብ ነው። ግሪፊዝ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ይህን በመስታወት ላይ ሞክሮ በስሌት ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ዛሬ የእኛ ሙያ ተማሪ ሁሉ ከዚያ ጽሑፍ ይጀምራል። የጎበድራ ጠራቢዎች ስሌቱን አልጻፉትም፤ ነገር ግን ከዚያ ወደ 1600 ዓመት ቀድመው 500 ቶን ድንጋይ እንደ አቡጀዲ ተርትረውበታል።

ከዚያ መጓጓዙ ይመጣል። በዚህ ላይ አፈ ታሪኩ ሀብታም ነው፤ በታቦተ ጽዮን ኃይል መጣ የሚለውን ካህናቱ ይነግሯችኋል፤ ዝሆን ጎተተው የሚልም አለ። እኔ በወረቀት ላይ ያሰላሁትን ልናገር። 160 ቶን የሚመዝን ድንጋይ በእንጨት ሸርተቴ ላይ ተጭኖ በተስተካከለ መሬት ላይ ሲጎተት፣ የሚያስፈልገው የመሳብ ኃይል ከክብደቱ ሲሶ ገደማ ነው ብንል 50 ቶን ያህል ይሆናል። አንድ ሰው ያለማቋረጥ 30 ኪሎ ያህል ቢስብ 1600 ሰው ይበቃዋል። ለትልቁ፣ ለ520 ቶኑ፣ ከ5000 ሰው በላይ ያስፈልጋል። ሊሆን የማይችል ቁጥር አይደለም። ከባዱ ነገር ሰው ማግኘቱ ሳይሆን 5000 ሰው በአንድ ትንፋሽ እንዲስብ ማድረግ ነው። ያንን የሚያዝዝ አለቃ፣ ገመዱን የሚገምድ፣ እህሉን የሚያቀርብ መንግሥት ነበረ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ትልቁ እንምጣ። 33 ሜትር ርዝመት ያለው፣ 13 ፎቅ ያለው ሕንፃ መስሎ በአራቱም ጎን የተቀረጸው ሐውልት ዛሬ ተሰባብሮ ተጋድሟል። ብዙ ተመራማሪዎች ሲተከል ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ ወድቋል ብለው ያምናሉ። በ1985 እና በ1989 ዓ.ም. መካከል በአክሱም የቆፈሩት እንግሊዛዊው የአርኪዎሎጂ ምሁር ዴቪድ ፊሊፕሰንም ሐሳባቸው በዚሁ አቅጣጫ ነው። አናቱ የወደቀው ንፋስ ማውጫ በሚባለው መቃብር ክዳን ላይ ነው፤ ያ ክዳን ራሱ ከ300 ቶን በላይ የሚመዝን አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ትልቅ ነገር ትልቅ ነገር ላይ ወደቀ።

አስጎብኚውም ጎብኚውም በዚህ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት አስተያየት ይሰጣሉ። «ከአቅም በላይ ሄዱ፤ ድንጋዩ በዛባቸው» ይባላል። ይህ አነጋገር እንደ ተረት ጥሩ ነው፤ እንደ ስብራት ንባብ ግን አያጠግበኝም። ድንጋይ ሁለት ጠባይ አለው። ሲጫኑት ጀግና ነው፤ ሲስቡት ወይም ሲያጥፉት ፈሪ ነው። ትልቁ ሐውልት ቀጥ ብሎ ቢቆም በግርጌው ላይ ያለው ጫና ምን ያህል ነው? የግርጌው ስፋት ወደ 9 ካሬ ሜትር ነው፤ 520 ቶን ለዚያ ሲካፈል በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 6 ኪሎ ገደማ ያርፋል። የዚህ ዓይነት ድንጋይ እስኪፈጭ ድረስ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ1000 ኪሎ በላይ ይሸከማል። ስለዚህ ቆሞ ሳለ በገዛ ክብደቱ የመድቀቅ ሥጋት የለበትም።

ተጋድሞ በሁለት ጫፉ ብቻ ቢያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሆዱ ወደ ታች ይረግባል፤ የታችኛው ገጽ ይሳባል። ውፍረቱ ሳይጨምር ርዝመቱ በእጥፍ ቢያድግ ይህ መሳብ በአራት እጥፍ ያድጋል። በግርድፉ ሳሰላው ለትልቁ ሐውልት በካሬ ሴንቲ ሜትር 60 ኪሎ አካባቢ መጣልኝ፤ ይህ ዓይነት ጤነኛ ድንጋይ ደግሞ ሲታጠፍ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ባለው መካከል ይሰበራል። አዩት? ቆሞ ከመቶ እጥፍ በላይ መጠባበቂያ የነበረው ድንጋይ ተጋድሞ የሁለት እጥፍ ያህል ብቻ ነው ያለው። አንድ የማይታይ ስንጥቅ ቢኖርበት ያለቀለት ነው። እንግዲህ ለድንጋዩ አደገኛው ጊዜ ሲቆም ሳይሆን ሲላቀቅ፣ ሲጎተትና ከመሬት ቀና ሲደረግ ነው። አክሱማውያን ይህን ሁሉ አልፈዋል። ድንጋዩን ከጎበድራ እስከ ከተማው አንድ ወጥ አድርገው አምጥተው በአራቱም በኩል ጠርበው ጨርሰውታል።

ታዲያ ምን ጣለው? መሬት ውስጥ እንዲቀበር ሳይለሰልስ የተተወው የግርጌ ክፍል ከቁመቱ ጋር ሲተያይ አጭር ነው። ጥርስ ሥሩ አጭር ከሆነ ኢናሜሉ ምንም ቢጠነክር ይወልቃል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ድንጋዩ አልከዳቸውም። ጠራቢው ሥራውን ጨርሷል፤ ጎታቹም ጨርሷል። የጎደለው ጉድጓዱ ላይ ነው። «ከአቅም በላይ ሄዱ» የሚለው ወቀሳ ጠራቢውንና ጎታቹን አብሮ ስለሚነካ ልክ አይመስለኝም። የማሽኑ ሠራተኛ ነገር ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሮማው ተጓዥ እንለፍ። 24 ሜትር ገደማ ቁመት፣ 160 ቶን ገደማ ክብደት ያለው ይህ ሐውልት የጣልያን ወራሪዎች ሲያገኙት ወድቆ አምስት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ስብርባሪው በጠመዝማዛው መንገድ እስከ ምጽዋ ድረስ በአምስት ጉዞ፣ በሁለት ወር ጊዜ ወረደ። መጋቢት 1929 ዓ.ም. ኔፕልስ ደረሰ። ጥቅምት 1930 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ሥልጣን የያዘበት የሮማ ጉዞ 15ኛ ዓመት በሚከበርበት ዕለት፣ በፖርታ ካፔና አደባባይ ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር በተመደበው ቦታ ፊት ለፊት ተመረቀ። ያ ሕንፃ በኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መሥሪያ ቤት ሆኗል። በ1939 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ውል ጣልያን ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ሁሉ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድድ ነበር። 18ቱ ወር ከ50 ዓመት በላይ ሆነ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ አልፈዋለሁ።

ብዙም የማይነሳው ሮማ ላይ እንዴት እንደ ተያያዘ ነው። የ1930 ዓ.ም. ጠጋኞች ስብርባሪውን ለመግጠም ድንጋዩን በስተው በየመጋጠሚያው ሦስት ሦስት የብረት ዘንግ አስገቡበት። የቤት ሥራ ያሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ፌሮ ነው። በዘመኑ ይህ የመጨረሻው ሥልጣኔ ነበር። ብረት ድንጋይ የሚፈራውን መሳብ አይፈራም። ስለዚህ ሁለቱን ማጋባት ብልህነት ይመስላል፤ ለአጭር ጊዜም ብልህነት ነው።

ችግሩ ብረት ሲዝግ ማበጡ ነው። ዝገት ከነበረው ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የበለጠ ቦታ ይይዛል። ክፍት ቦታ ላይ ከሆነ ተቀርፎ ይወድቃል፤ በድንጋይ ማኅፀን ውስጥ ከሆነ ግን የሚሄድበት ስለሌለው ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋል። ይህ እንግዲህ ያው የጎበድራው ሽብልቅ ነው፤ ልዩነቱ መዶሻ የሌለው፣ ሌት ተቀን የሚሠራ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ትንሽ የሚመታ ሽብልቅ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአሮጌ ፎቅ በረንዳ ሥር ቆማችሁ ቀና ብትሉ ሲሚንቶው ተገሽልጦ ፌሮው ሲያይ ታገኛላችሁ። ነገሩ አንድ ነው።

የዚህ ስሕተት ትልቁ መታሰቢያ የአቴናው ፓርተኖን ነው። የጥንቶቹ ግሪኮች የዕብነ በረድ ድንጋዮቹን በብረት ማያያዣ ሲያስተሳስሩ ብረቱን ቀልጦ በተፈሰሰ እርሳስ ጠቅልለውት ነበር። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ ውኃ አያስገባም፤ ብረቱ ሲያብጥና ሲጠብ ይችለዋል። በዚህ ጥበብ ብዙው ከ2000 ዓመት በላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ ኒኮላዎስ ባላኖስ የተባሉት ግሪካዊ መሐንዲስ ቤተ መቅደሱን ሲያድሱ ግን ብረቱን ያለ እርሳስ በገፍ ተጠቀሙበት። ጥቂት አሥርት ዓመታት ሳያልፉ ዕብነ በረዱ መሰንጠቅ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ የተቋቋሙት አዳሾች የባላኖስን ብረት እያወጡ በማይዝገው ታይታኒየም ሲተኩ ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። የጥንቱ ሥራ ሳይሆን የጥገናው ሥራ ነው ያስቸገራቸው። አክሱማውያንም ቢሆኑ ለማያያዣ ብረት እንግዳ አልነበሩም። የሐሰተኛው በር በሚባለው መቃብር ጥርብ ድንጋዮች ላይ ማያያዣ የተቀበረባቸው ጎድጓዶች ይታያሉ፤ በሐውልቶቹ አናት ላይም የብረታ ብረት ጌጥ የተመታበት የምስማር ቀዳዳ አለ። በሐውልቱ ወገብ ውስጥ ግን ምንም አላስገቡም፤ አንድ ወጥ ድንጋይ ማያያዣ አያስፈልገውም።

ግንቦት 19 ቀን 1994 ዓ.ም. ሮማ ላይ በጣለው ከባድ ዝናብ ሐውልቱን መብረቅ መታው። አናቱ አካባቢ ተጎዳ፤ ስብርባሪም ወደቀ። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ የነበረውን ወሬ አስታውሳለሁ። አንዱ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው አለ፤ አንዱ የብረቱ ዘንግ መብረቁን ስቦ አመጣው አለ። በመጀመሪያው ላይ አስተያየት አልሰጥም። በሁለተኛው ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። ብረት መብረቅን እንደ መግነጢስ ከሰማይ አይጎትትም፤ 24 ሜትር ቆሞ የሚታይ ማንኛውም ነገር፣ ድንጋይም ዛፍም፣ ሊመታ ይችላል። የብረቱ ጥፋት ከተመታ በኋላ ነው የሚመጣው። ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ ይሮጣል፤ ብረቱ ድንጋዩ መሐል ላይ ሲያልቅበት ደግሞ እርጥብ ድንጋይ ሰንጥቆ መውጣት ይኖርበታል። በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው እርጥበት በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። ክዳኑ የታሸገ ድስት አስቡ። እስከ መሬት የተዘረጋ መዳብ ቢሆን መብረቁን ሸኝቶ ይመልሰው ነበር፤ መሐል መንገድ ላይ የሚያልቅ ዘንግ ግን እንግዳውን ሳሎን አስገብቶ በሩን የሚዘጋ ባለቤት ነው።

ኅዳር 1996 ዓ.ም. ገደማ መፍታቱ ተጀመረ። አዲስ ቁርጥ ሳይጨመር፣ በጥንቱ የስብራት መሥመር ላይ፣ በሦስት ክፍል ወረደ። ያን ጊዜ የምጽዋ መንገድ በጦርነቱ ምክንያት ዝግ ስለነበር በየብስ የሄደው በአየር መመለስ ነበረበት። የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ከሚያዝያ 11 እስከ ሚያዝያ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ባሉት ቀናት አንቶኖቭ 124 የሚባለው ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አመጣው። በሁለት ወር የወረደው በአንድ ሳምንት ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ተጋድሞ ቆየ። ሰው ማጉረምረሙ አልቀረም፤ «መጥቶም ተኛ» ተባለ። መዘግየቱ ከንቱ አልነበረም። ቦታው ሲጠና ከመሬቱ በታች ተጨማሪ የመቃብር ክፍሎች እንዳሉ ታወቀ። 160 ቶን ባዶ ዋሻ ላይ ማቆም የትልቁን ታሪክ መድገም ነው።

እዚህ ላይ ወደ አንድ የአሜሪካ ላቦራቶሪ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1965 በዱፖንት ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ኬሚስት ስቴፋኒ ክዎሌክ ለመኪና ጎማ የሚሆን ቀላልና ጠንካራ ክር ይፈልጉ ነበር። አንድ ቀን ያዘጋጁት ፈሳሽ እንደተለመደው ማር መሳይና ጥርት ያለ ሳይሆን ቀጭንና ድፍርስ ሆነባቸው። ክር ማውጫውን መሣሪያ የሚይዘው ባለሙያ ቀዳዳዎቹን ይደፍንብኛል ብሎ አልሠራም አለ። ክዎሌክ ለመኑት፤ ሠራው። የወጣው ክር በክብደት ሲነጻጸር ከብረት አምስት እጥፍ የሚጠነክር ሆኖ ተገኘ። ኬቭላር ተባለ፤ የቤተሰቡ ስም አራሚድ ነው። ጥይት የማይበሳው ሰደርያ የሚሠራው ከዚህ ክር ነው። አይዝግም፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

የአክሱምን ሐውልት መልሶ የመትከሉን ሥራ በዩኔስኮ በኩል የመሩት ኢጣሊያዊው መሐንዲስ ጆርጆ ክሮቺ ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የሮማውን ብረት ትተው ስምንት የአራሚድ ዘንጎች ተጠቀሙ፤ አራቱ በታችኛውና በመካከለኛው ክፍል መሐል፣ አራቱ በመካከለኛውና በላይኛው መሐል። የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ የሚሳበውን ክፍል ዘንጎቹ ይይዛሉ፤ ዝገት የለ፣ ለመብረቅ መንገድ የለ። ሐውልቱ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ተመረቀ።

ይህን የዘንግ ምርጫ መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት ከሙያዊ እርካታ ሌላ አንድ ነገር መጣብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሐውልቱን ሳየው ሁሉ ይታየኛል። የሐውልቱን ቅርጽ ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? በር አለው፣ መስኮት አለው። በየፎቁ መሐል ደግሞ ክብ ክብ ጉብታዎች ተደርድረዋል። የዝንጀሮ ራስ ይባላሉ። እነዚህ ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ የአክሱም ሕንፃ የሚሠራው በድንጋይና በጭቃ መሐል እንጨት እያጋደሙ ነበር፤ እንጨቶቹን ከግድግዳው ጋር የሚያቆራኙት ተሻጋሪ ግንዶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ይላል። ያ ነው የዝንጀሮ ራስ። ደብረ ዳሞ ላይ በእውነተኛ እንጨት ታገኙታላችሁ፤ የላስታው ይምርሐነ ክርስቶስም እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ነው።

ለምን እንጨት? ድንጋይና ጭቃ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ይፈርሳል። እንጨት ግን ክር ነው። ከላይ እስከ ታች የተያያዘ ቃጫ ነው፤ መሳብን ይችላል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ግድግዳው እንዳይበታተን የሚይዘው እሱ ነው። በገጠር ጭቃ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማገር ነው። ጭቃው ያለ ማገር አይቆምም። የአክሱም ጠራቢ እንግዲህ ማገር የማያስፈልገው አንድ ወጥ ድንጋይ ላይ ማገር ቀረጸ። ድንጋዩ ተሰበረ። በ2000 ዓ.ም. የገባለትም ክር ነው። ጠራቢው በላዩ የሣለው ነገር ከ1600 ዓመት በኋላ በውስጡ ገባ። ክሮቺ ይህን አስበው እንዳላደረጉት ግልጽ ነው፤ ስሌት ነው ያደረሳቸው። ጠራቢውንም ወደ እንጨቱ ያደረሰው የግንበኛ ልምድ ነበር። እኔ ሁለቱን እንደ ሙያ ወንድማማች ነው የማያቸው።

ሦስተኛው፣ በንጉሥ ኢዛና ስም የሚጠራው፣ ከተተከለ ጀምሮ ሳይወድቅ የቆመ ብቸኛው ትልቅ ሐውልት ነው። ዘንበል ብሏል። ወንድሙ ጎኑ ሲተከል መሬቱ እንዳይናወጥበት በማሰሪያና በብረት ድጋፍ ተይዞ ለዓመታት ቆይቷል። ለቱሪስት ፎቶ ድጋፉ አያምርም፤ ሰው ያጉረመርማል። እኔ ግን ድጋፉን ሳየው የተሰበረ እጁን በጨርቅ ያንጠለጠለ አዛውንት ይመስለኛል፤ ነውር የለበትም። ትልቁን አንሡት የሚሉም አሉ። እኔ አልስማማም፤ ተጋድሞ የሚነግረን ነገር ቆሞ ከሚነግረን ይበልጣል፤ ስብራቱን ለማንበብ የመጣ ሰው ሁሉ ያነበዋል።

ስለ አራሚዱ ግን አንድ የሚያሳስበኝ አለ። ይህ ክር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጠላቶቹን እናውቃቸዋለን፤ የፀሐይ ብርሃን ያደክመዋል፤ እርጥበትና ሙቀት ለረጅም ጊዜ አብረው ከቆዩበት ይጎዱታል። በድንጋይ ውስጥ ፀሐይ የለም፤ አክሱምም ደረቅ አገር ነው። ሆኖም መቶ ዓመት የሞላው የአራሚድ ዘንግ በዓለም ላይ የለም። ላቦራቶሪ ውስጥ በሙቀት አጣድፈን እናረጀዋለን፤ ከዚያ በስሌት ወደ ፊት እንዘረጋዋለን። የሮማው ብረት የተተከለ ዕለትም የጠጋኞቹ እምነት ሙሉ ነበር፤ 64 ዓመት ነው የቆየው።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ከዚያው ዓይነት ክር የተሠሩ አሥር ያህል አጫጭር ዘንጎች ከጎበድራ በመጣ ድንጋይ ውስጥ ተቀብረው አክሱም ሙዚየም ግቢ ውስጥ፣ ዝናብና ብርድ በሚያገኛቸው ቦታ ይቀመጡ። በየ20 ዓመቱ አንዱ ይውጣና አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ውስጥ እስኪበጠስ ይሳብ፤ የተበጠሰበት ቁጥርም በመዝገብ ይጻፍ። የመጀመሪያው በ2020 ዓ.ም. ቢወጣ አሥረኛው በ2200 ዓ.ም. ይሆናል። መዝገቡን የሚይዘው ሰው ሠርግ ቤት ሥራውን ሲጠየቅ ምን ብሎ እንደሚመልስ እንጃ።